ባለ ሦስት ክሬዲቱ ሥራ ፈጣሪ

ኢንተርፕርነርሽፕ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁሉም ተማሪ ከሚሰጡት የጋራ ኮርሶች አንዱ ነው። የፍሬሽማን መርሐ ግብር በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ሲጀመር ከሎጂክ፣ ከጂኦግራፊና ከአንትሮፖሎጂ ጎን ተሰልፎ መጣ። ከዚያ በፊትም በብዙ የትምህርት ክፍሎች ይሰጥ ነበር፤ በአብዛኛው ግን ለተመራቂዎች። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የድሮው ተማሪ ሥራ መፍጠርን የሚማረው ሥራ እንደማያገኝ መጠርጠር በጀመረበት ዓመት ነበር። የአሁኑ ገና የዶርሙን ቁልፍ ሳይለምድ ይማረዋል። ፊዚክስ ለሚመርጠውም ሆነ ሥነ ጽሑፍ ለሚያምረው ሞጁሉ አንድ ነው። ስለ ብድር የሚያወራው ምዕራፍ ወደ መጨረሻ ላይ ነው የሚገኘው፤ ተማሪው ግን የመጀመሪያ ብድሩን ወስዶ ጨርሷል። በምዝገባ ሰሞን የኮስት ሼሪንግ ውል ላይ ፈርሟል፣ ያውም ሳያነበው።

ትምህርቱ የሚጀምረው በብያኔ ነው፤ ብያኔው ደግሞ በሪቻርድ ካንቲሎን። ካንቲሎን አየርላንድ ተወልዶ ፓሪስ ውስጥ በባንክ ሥራ የከበረ ሰው ነው። ድርሰቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1755 ሲሆን፣ እሱ ግን ከዚያ 21 ዓመት ቀደም ብሎ ለንደን የሚገኘው ቤቱ በእሳት በጋየበት ሌሊት ሞቷል። እንደ እሱ አባባል ሥራ ፈጣሪ ማለት በሚታወቅ ዋጋ ገዝቶ በማይታወቅ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ነው። ሌሊት ተነሥታ ከአትክልት ተራ ቲማቲም በሣጥን አውጥታ ሰፈር ውስጥ በመደብ የምትቸረችር ሴት ይህን ብያኔ በየቀኑ ትኖረዋለች፤ የጠዋቱን ዋጋ ታውቃለች፣ የማታውን የሚያውቀው ፀሐዩና ገበያው ነው። ካንቲሎን በዚህ ስሌት ለማኙንና ሌባውን ሳይቀር ከሥራ ፈጣሪ ቆጥሯቸዋል፤ ገቢያቸው እርግጠኛ አይደለምና። ሞጁሉ ይህን ዘሎታል። ፈተና ላይ የሚመጣው ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው።

ከእሱ ቀጥሎ ኦስትሪያዊው ጆሴፍ ሹምፔተር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ ሥራ ፈጣሪን የለውጥ ሞተር አደረገው፤ በ1942 ደግሞ አዲሱ ነገር አሮጌውን እያፈረሰ ነው ኢኮኖሚ የሚያድገው ብሎ ጻፈ። ተማሪው ይህን ይቸክለዋል። ቢነገረው የሚወደው ግን ሌላው ታሪክ ነበር። ሹምፔተር የአገሩ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ዓመት ሳይሞላው ለቀቀ፤ ከዚያ የአንድ ባንክ ኃላፊ ሆነ፤ ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1924 ወደቀና ሰውየው ዕዳ በዕዳ ሆኖ ወደ መምህርነቱ ተመለሰ። ስለ ሥራ ፈጠራ ዓለም የሚጠቅሰው ሰው ራሱ ከስሮ ጠመኔ ያነሣ ነው። የእኛ አገር መምህር ከዚህም ያነሰ ዕድል ነው ያለው፤ በወር ደመወዙ ለመክሰር እንኳ አይበቃም።

ቀጥሎ የሥራ ፈጣሪ ባሕርያት ይዘረዘራሉ፦ ሪስክ ቴከር፣ ኢኖቬቲቭ፣ በራሱ የሚተማመን፣ ተስፋ የማይቆርጥ። ከዝርዝሩ ጋር መጠይቅ ይታደላል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ራሱን በራሱ ይመዝናል። ውጤቱ ሲሰበሰብ በክፍሉ ውስጥ ሥራ ፈጣሪ ያልሆነ አንድም ሰው አይገኝም። ደፋር መሆን የሚለው ነጥብ በተለይ ሁሉንም ይማርካል፤ መምህሩ ጥያቄ አለ ወይ ሲል ግን እጅ የሚያወጣ የለም። ስለ ድፍረት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ ያገኘው ነገር ግን ከሚባለው ይለያል። ሰዎችን ቀለበት ከፈለጉት ርቀት ወደ ችካል እንዲወረውሩ አድርጎ ሲያያቸው፣ ለስኬት የሚተጉት ተጠግተውም ሆነ ርቀው አልቆሙም። መካከለኛውን ርቀት መረጡ፤ ቢስቱ የማያሳፍር፣ ቢያገቡ የሚያኮራ። ሥራ ፈጣሪ ማለት ዓይኑን ጨፍኖ ገደል የሚገባ ሳይሆን ገደሉን አስቀድሞ የሚለካ ነው ማለት ነው። ይህን ያህል ነገር በሞጁሉ ውስጥ “ሪስክ ቴከር” ተብሎ በሁለት ቃል አልቋል።

ከባሕርይ ወደ አርአያ። ቢል ጌትስ ሃርቫርድን አቋርጦ ወጣ፤ ማርክ ዙከርበርግም እንዲሁ፤ ስቲቭ ጆብስ ሪድ ከሚባል ኮሌጅ አንድ ሴሚስተር ተምሮ ተወ። ይህ የሚተረክለት እናቱ በግ ሸጣ የላከችው ልጅ ነው። (አቋርጦ ቢመለስ ቤት የሚጠብቀው አቀባበል በሞጁሉ አልተካተተም።) ጌትስ ገና በ13 ዓመቱ ኮምፒውተር ባለው የግል ትምህርት ቤት ይማር እንደነበር፣ አባቱም በከተማው የታወቁ ጠበቃ እንደነበሩ ማንም አያነሣም። የአገር ውስጥ አርአያ ሲፈለግ የቤተልሔም ጥላሁን ስም ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ ያቋቋመችው ሶልሬብልስ ሶሉ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ እየሠራ ለውጭ ገበያ አቅርቧል። የሐሳቡ ምንጭ በረባሶ ነው፤ አርበኛው ተጫምቶት የዘመተው፣ ገበሬው ያረሰበት። ከገጠር የመጣው ተማሪ ሰው እንዳያይበት ቤት ትቶት የመጣውን ጫማ እዚህ በስኬት ታሪክነት ተጽፎ ያገኘዋል።

ከዚህ በኋላ ግሩፕ ይመሠረታል። መምህሩ በስም ዝርዝር ቅደም ተከተል ስለሚከፋፍል አንዱ ግሩፕ ሦስት አበበና ሁለት አበባ ይደርሰዋል። ከሥራ በፊት የሚከፋፈለው ሹመት ነው፦ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ የፋይናንስ ኃላፊ፣ የማርኬቲንግ ኃላፊ። የቴሌግራም ግሩፕ በዚያው ዕለት ይከፈታል። ከዚያ ዝም ይባላል። ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው አንዱ “የት ደረሰ?” ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው የመታወቂያ ቁጥሩን ይልካል፤ ሦስተኛው ስሙ በትክክል መጻፉን ያረጋግጣል። ሥራውን የሚሠራው ላፕቶፕ ያለው ነው፤ ላፕቶፕ መግዛቱ ያመጣበት ጣጣ መሆኑ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሁለት ሰው ባነሰ እንዲቋቋም አይፈቅድም ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ግን ባለ አንድ አባል ማኅበርን ፈቀደ። ሕግ አውጪው እዚህ ለመድረስ 60 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። በግሩፕ አሳይመንት ዓለም አሠራሩ ቀድሞ የተለመደ ነው፦ ሠሪው አንድ፣ ሽፋኑ ላይ ስማቸው የሰፈረው ስድስት።

የኮርሱ አክሊል የንግድ ዕቅድ ነው። ሐሳብ ሲዋጣ ዳቦ ቤት፣ ንብ ማነብ፣ በስልክ መተግበሪያ ምግብ ማድረስ ይነሣሉ፤ በመጨረሻ የሚያሸንፈው ዶሮ እርባታ ነው። ያሸነፈበት ምክንያት የገበያ ጥናት እንዳይመስል። ግቢው በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት የዶሮ እርባታውን ሶፍት ኮፒ ይዞታል። የቀረው የቦታና የሰው ስም መለወጥ ብቻ ነው፤ እሱም በችኮላ ስለሚሠራ ድርጅቱ በገጽ 3 ደብረ ብርሃን ተቋቁሞ፣ በገጽ 11 ሐዋሳ ገብቶ፣ በገጽ 14 ወደ ደብረ ብርሃን ይመለሳል። ራእይና ተልእኮው በአፍሪካ ተወዳዳሪ መሆንን ያካትታል።

የገንዘብ ምዕራፉ ጠጋ ብሎ መታየት አለበት። 100 ዶሮ በ365 ቀን ሲባዛ 36,500 እንቁላል፤ በዋጋ ሲባዛ ደግሞ ስድስቱንም አባላት የሚያንበሸብሽ ገንዘብ ይመጣል። በዚህ ስሌት ዶሮዋ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ትጥላለች፣ እሑድም አታርፍም፣ አትታመምም፣ ላባ አታረግፍም። እውነተኛዋ ዶሮ ግን፣ ቦቫንስ ብራውንን የመሰለች የእንቁላል ዝርያ እንኳ ብትሆን፣ መጣል የምትጀምረው ወደ አምስተኛ ወሯ ላይ ነው። እስከዚያ ትበላለች። ከጀመረች በኋላም በደንብ ከተያዘች በዓመት 300 ገደማ ትሰጣለች፤ የአበሻ ዶሮ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ ለ100 ዶሮ በዓመት 40 ኩንታል ማለፉ አይቀርም። በዕቅዱ ውስጥ መኖ አንዴ ተገዝቶ ያበቃል። ቤቱን በሌሊት ባዶ የሚያስቀረው ፈንግል በስዎት ሠንጠረዥ ውስጥ “ስጋት” ከሚለው ሥር አይገኝም፤ እዚያ ቦታ ላይ “ውድድር” ተብሎ ተጽፏል።

ከሁሉም የሚገርመው ጾሙ ነው። የሽያጭ ትንበያው ዐሥራ ሁለቱንም ወር እኩል ያደርጋል። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ ሲጨመሩ ከዓመቱ ብዙው ቀን ለጿሚው ቤተሰብ እንቁላል የማይገባበት ነው። በጾም እንቁላል ይረክሳል፤ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ልምድ ያላት አርቢ ጫጩት የምታስገባበትን ወር የምትወስነው ከበዓሉ ወደ ኋላ ቆጥራ ነው። ዕቅዱን የጻፈው ተማሪ ይህን አያውቅም እንዳይባል በዚያው ቀን ካፌ ገብቶ የጾም ሽሮ ሰልፍ ላይ ቆሟል። እሱ ራሱ ያልበላውን እንቁላል ኤክሴል ሸጦለታል።

ፕሬዘንቴሽኑ አጭር ነው። አንድ ሱፍ ኮት በስድስት ሰው ይዞራል፤ ስላይዱ ላይ ያለው ይነበባል፤ መምህሩ “ብሬክ ኢቭን የምትደርሱት መቼ ነው?” ብሎ ይጠይቃል፤ ስድስቱም ላፕቶፕ ወዳለው ልጅ ይዞራሉ።

የገንዘብ ምንጭ የሚለው ምዕራፍ ባንክን፣ ማይክሮ ፋይናንስንና ቬንቸር ካፒታልን ይተነትናል። ባንክ ማስያዣ ይጠይቃል፤ ተማሪው የሚያስይዘው የሁለት ሰው ዕዳ ያለበት ስልክ ነው። ቬንቸር ካፒታሊስት ደግሞ በግቢው አካባቢ ታይቶ አይታወቅም። ዶርሙ ውስጥ ግን እቁብ አለ። ለምሳሌ ዐሥር ልጆች በወር 300 ብር ቢጥሉ፣ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት 3,000 ብር ተቀብሎ፣ ከራሱ 300 ብር የተረፈውን 2,700 ብር ያለ ወለድ በዘጠኝ ወር ይከፍላል፤ የመጨረሻው ባለዕጣ ደግሞ ያለ ወለድ አበዳሪ ሆኖ ይከርማል፣ ኑሮው ከተወደደም ኪሳራው የእሱ ነው። ለዚህ ነው ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ የሚጠራው፣ ለዚህ ነው “ቸግሮኛል፣ ቀይረኝ” የሚለው ድርድር ሌሊቱን ሲካሄድ የሚያድረው። የገንዘብ ጊዜያዊ ዋጋ የሚባለውን ነገር ተማሪው በዚህ በኩል ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ፈተናው ላይ በቀመር ሲመጣበት ነው የሚሳሳተው።

እቁቡ የደረሰው አንዱ የፀጉር ማሽን ይገዛል። የደንበኛው አንገት ላይ አንሶላ ያስራል፣ ከአልጋው ጫፍ ያስቀምጠዋል፣ በር ላይ ካለው ፀጉር ቤት በግማሽ ዋጋ ይቆርጣል። ኪራይ የለበትም፤ መብራቱ የዩኒቨርሲቲው ነው። ኤግዚት ኤግዛምና ምርቃት ሲቃረቡ ወረፋው ኮሪደሩ ላይ ይደርሳል። ለቋሚ ደንበኛ በዱቤ ይሠራል፤ ዱቤው በግድግዳው ላይ በእርሳስ ተጽፏል። ተቆጣጣሪው ፕሮክተሩ ነው፤ እሱ በነፃ ይስተካከላል። መብራት በሄደ ቁጥር ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ የሚቀር ሰው ስለማይጠፋ የማሽኑን ባትሪ አስቀድሞ መሙላት ተምሯል፤ ይህ ገደልን መለካት ነው። ይኸው ልጅ ለክፍል ያቀረበው ግን የዶሮ እርባታውን ነው። ለምን ፀጉር ቤቱን እንዳላቀረበ ቢጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ኢኖቬቲቭ አይደለም።

ፋይናል ፈተናው ምርጫና እውነት ወይም ሐሰት ነው። የማይቀረው ጥያቄ “ሥራ ፈጣሪ ይወለዳል እንጂ አይሠራም” የሚለው ነው። መልሱ ሐሰት ነው፤ እውነት ቢሆንማ ኮርሱም መምህሩም ባላስፈለጉ።

ከምርቃት በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው የሚነገረው። የንግድ ስም ማጣራት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባ፣ የሥራ ቦታ ኪራይ ውል፣ ፈቃድ። ከእነዚህ መካከል በሞጁሉ ውስጥ በቅጡ የተብራራ የለም፤ ብዙዎቹን ተመራቂው የሚማረው ወረፋ ላይ ከፊቱ ከቆመው ሰው ነው። አንዳንዱ የኢንተርፕርነርሽፕ ልማት ኢንስቲትዩት የሚሰጠውን የቀናት ሥልጠና አግኝቶ ካንቲሎንን ትቶ ሒሳብ መያዝ ይጀምራል። አንዳንዱ ደመወዝ ያለው ሥራ ያገኝና ኮስት ሼሪንጉ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ባለ ማሽኑ ልጅ ዕድል ከቀናው ከተማ ውስጥ ወንበርና መስታወት ይከራያል።

በኮርሱ ምክንያት ተቋቁሞ ሳይከስር የቆየው ድርጅት ግን በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ባለቤቱ ኮርሱን አልወሰደም። የየዓመቱን ዕቅድ በፎልደር ለይቶ ያስቀምጣል፤ መምህሩ ማን እንደሆነና የትኛውን ዕቅድ አምና እንዳየ ጠይቆ ነው የሚሸጠው፤ ሴሚስተሩ ሲጋመስ ተጨማሪ ፕሪንተር ያስገባል። ስም መቀየር በገጽ ይከፈላል። ሽፋኑ ባለ ቀለም ከሆነ ሒሳቡ ለብቻ ነው።