ባለ 400 ሚሊዮን ዓመቱ ትሪ

አቶ ይመኑ በ2009 ዓ.ም. በሞሮኮ አገር በማራካሽ ከተማ በተደረገው ታላቅ የአየር ንብረት ጉባኤ መሥሪያ ቤታቸውን ወክለው ተገኝተው ሲመለሱ፣ ከቃለ ጉባኤው ይልቅ እጅግ የከበደ አንድ ጥቁር የድንጋይ ትሪ ተሸክመው ስለ መጡ፣ ትሪው በእንግዳ መቀበያቸው የክብር ስፍራ ተሰጥቶት፣ ሰው በገባ ቁጥር ታሪኩ ሲተረክለት ይኖር ነበር። ከዕለታት አንድ ሰንበት ጎረቤታቸው አለቃ ዘርዓ ጽዮን ከቅዳሴ መልስ ለቡና ቢጠሩ፣ ተራው የእርሳቸው ሆነ።

አቶ ይመኑ፦ አለቃ፣ እስቲ ይህን ልብ ብለው ይመልከቱልኝ። በጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ቀጥ ብለውና ሾለው በነጭ የሚታዩት ሁሉ፣ በጥንት ባሕር ይንሳፈፉ የነበሩ የስኩዊድና የኦክቶፐስ ዘመዶች ናቸው፤ ይህ የተጠቀለለውም የዚያው ወገን ነው። ዕድሜያቸው 400 ሚሊዮን ዓመት!

አለቃ፦ እኛ በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዘመን ቆጥረን፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ብንደምርበት ከ7500 ጥቂት ፈቀቅ ቢል ነው። አንተ ግን 400 ሚሊዮኑን በአንድ ትሪ ይዘኸው ገባህ። ለመሆኑ ማን ቆጠረልህ?

አቶ ይመኑ፦ ነጋዴው ነዋ! አስቀድሞ 300 ሚሊዮን ነው አለኝ፤ ዋጋው በዛብኝ ብዬ ፊቴን ባጠቁር 350 ነው አለ፤ ትቼው ልወጣ ደጃፉን ስረግጥ እጄን ይዞ፣ በአባቱ ምሎ 400 መሆኑን አረጋገጠልኝ። እኔም ይህን ያህል ዘመን የቆየን ነገር ለጥቂት ገንዘብ ብሎ ጥሎ መሄድ ነውር መስሎ ስለ ታየኝ ገዛሁት።

አለቃ፦ ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ ዋጋ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ዕድሜ ሲወጣ ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ሥነ ምድር የሚማረው የልጅ ልጄ እንደሚነግረኝ፣ ለዚያ አገር ጥቁር ድንጋይ የመጨረሻው ቁጥር ከእውነቱ እምብዛም የራቀ አይደለም። ሊቃውንቱ ግን ያወቁት በመሐላ ሳይሆን፣ በየንብርብሩ ያሉትን ደቂቅ ቅሪቶች ከሌላው አገር ንብርብር ጋራ አስተያይተው፣ በመካከሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ባገኙም ጊዜ በውስጡ ያለው ዩራኒየም ምን ያህሉ ወደ እርሳስ እንደ ተለወጠ ለክተው ነው። ያንተ ነጋዴ ለገንዘቡ ሲል ሲዋሽ ሳያስበው ከእውነት ጋራ ተገጣጠመ።

ወይዘሮ አስካለ፦ (የአቶ ይመኑ ባለቤት፣ ቡና እየቀዱ) አለቃ፣ ጉባኤውን ጥሎ እንደ ሄደስ ነግሮዎታል?

አቶ ይመኑ፦ የምን መጣል ነው! የዚያን ዕለት የሚመከረው ስለ በረሃማነት ስለ ነበረ፣ ነገሩን ከምንጩ ለመመርመር የአትላስን ተራራ ተሻግሬ፣ በሰሐራ ዳርቻ ታፊላልት በሚሉት አገር ወደምትገኘው ወደ ኤርፉድ ወረድሁ እንጂ። በዚያ የሚኖረው ሕዝብ ድንጋዩን ከምድር ቆፍሮ፣ በመጋዝ ሰንጥቆ፣ በውኃ እያራሰ ሞርዶና ወልውሎ፣ ጠረጴዛ ቢሉ፣ የእጅ መታጠቢያ ቢሉ፣ ፏፏቴ ቢሉ፣ የሳሙና ማስቀመጫ ሳይቀር ያወጣለታል። ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት በረሃ ሰዉ ባሕር እየሸጠ ሲያድር አየሁ።

አለቃ፦ እነዚህ በነጩ ውስጥ ተደርድረው የሚታዩት ክፍልፍሎችስ ምንድን ናቸው?

አቶ ይመኑ፦ እንስሳው እያደገ ሲሄድ የኋላውን ክፍል በግድግዳ እየዘጋ፣ ራሱ ወደ ፊተኛውና ወደ ሰፊው ይዛወር ነበር። በተዘጉት ክፍሎች መካከል በሚያልፍ ቀጭን ቧንቧ ውኃውን እየመጠጠ በአየር ስለሚተካው፣ ሳይሰምጥ ይንሳፈፋል።

አለቃ፦ የኋላውን በር እየዘጋ ወደ ሰፊው ክፍል የሚዛወር፣ በአየር ብቻ የሚንሳፈፍ... ልጄ፣ ይህስ የመሥሪያ ቤት ሹም ነው እንጂ የባሕር አውሬ አይደለም።

አቶ ይመኑ፦ (ያልሰሙ መስለው) የተጠቀለለውን ዓይነት ደግሞ የሮማው ሊቅ ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ዓመት በጻፈው መጽሐፍ የአሞን ቀንድ ብሎ፣ ከኢትዮጵያ እጅግ የተቀደሱ ድንጋዮች ጋራ ቆጥሮታል፤ መልኩ የወርቅ፣ ቅርጹ የበግ ቀንድ፣ ትንቢታዊ ሕልምም የሚያሳይ ነው ይላል።

አለቃ፦ የዚያን ዘመን ሰዎች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉ ነበርና ክብሩን ጠቅልለህ ለራስህ አትውሰድ። ሕልሙስ መጣልህ?

ወይዘሮ አስካለ፦ በራስጌው አኑሮ ተኝቶ ነበር፤ ያየው ሕልም ቢኖር በአውሮፕላን ማረፊያው ለትርፍ ክብደት የከፈለውን ገንዘብ ነው። (ጥቂት ዝም ብለው) አለቃ ባሉበት ልናገረው እንጂ፣ ባለፈው ሰላጣ ባቀርብበት የሎሚው ጭማቂ ፈስሶ፣ ይኸው ጠርዙ ወዙ ጠፍቶ ደበዘዘ።

አቶ ይመኑ፦ አስካለ! 400 ሚሊዮን ዓመት ምንም ያልነካውን በአንድ ሎሚ?

አለቃ፦ አትደንግጥ፤ ይልቅስ አመስግናት። የኖራ ድንጋይ ሎሚና ኮምጣጤ ሲነካው እየፈላ ይበላል፤ ስለዚህ ጠርዙ እውነተኛ ድንጋይ መሆኑን ሎሚው መስክሮለታል። አሁን እስቲ ግማሽ ሎሚ አምጪልኝና፣ ይህችን በመካከል ጉብ ያለችውን፣ ጀርባዋ የተሸነሸነውን እንመርምር።

አቶ ይመኑ፦ ትሪሎባይት የምትባል የጥንት ባሕር እንስሳ ነች፤ ከትሪው ሁሉ ይልቅ ዋጋ የጠየቀብኝ በእርስዋ ነው!

(ሎሚው በድንጋዩ ላይ ሲንጠባጠብ ደቃቅ አረፋ አወጣ፤ በትሪሎባይቷ ጀርባ ላይ ግን እንደ ዝናብ በጃንጥላ ላይ ተንከባልሎ ወረደ። አለቃ መነጽራቸውን አውልቀው እንደ አጉሊ መነጽር አስጠጉት።)

አለቃ፦ በጀርባዋ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ሞልቷል፤ ይህ የቀለጠ ሙጫ በቅርጽ ማውጫ ሲፈስ በውስጡ የቀረ አየር ነው። ጎረቤቶቿ በእርግጥ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እርስዋ ግን በጉባኤው ዋዜማ የተወለደች ሳትሆን አትቀርም።

አቶ ይመኑ፦ በአባቱ ምሎልኝ እኮ ነው!

አለቃ፦ የማለው ስለ ድንጋዩ ነዋ፤ ስለ እርስዋ አልጠየቅኸውም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በልጅነቴ ለቅኔ ትምህርት ወደ ጎጃም ስሻገር፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያልፈው በዓባይ በረሃ ገደል ዛጎል በድንጋይ ውስጥ ተጣብቆ አይተን፣ ማየ አይኅ ያመጣው ነው ብለን በላዩ ተቀምጠን በሷችንን በልተን ሄድን። ኋላ የልጅ ልጄ እንዳስረዳኝ፣ የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባሕር አገራችንን አልብሷት በነበረ ጊዜ የተደለደለ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ጄኔራል ከናፒየር ጦር ጋራ የመጣው ብላንፎርድ የተባለ ሊቅም ይህንኑ ድንጋይ በትግራይ ሕንጣሎ አይቶ በዚያው ስፍራ ስም ሰየመው። በሙገር ሸለቆም እርሱው ተፈጭቶ ሲሚንቶ ይሆናል። አንተ በውጭ ምንዛሬ አንድ ትሪ የባሕር ቅሪት ገዛህ፤ ምናልባት ትሪውን ያስደገፍህበት ግድግዳም ባሕር ነው።

አቶ ይመኑ፦ 150 ብቻ? የእኔን ግማሽ እንኳ አይደርስም።

ወይዘሮ አስካለ፦ አቦል አልቋል፤ ቶናው ደረሰ፤ ትሪውን አንሱልኝ።

አቶ ይመኑ፦ (ትሪውን በሁለት እጃቸው እያነሡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) ነገር ግን አለቃ፣ ዓባይ በረሃም በረሃ ነውና፣ ስለ በረሃማነት ጉባኤ በዚያው በደጀን ቢጠራ፣ ለተሳታፊው የውሎ አበል በምን ይታሰብ ይሆን?

አለቃ፦ በአገር ውስጥ ተመን ነዋ፤ በብር።

አቶ ይመኑ፦ እንግዲያውስ ድንጋዩ እስከ ዛሬ እንደ ቆየ፣ ጥቂት ይቆይ።