ብር ይዞ መለመን

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ያለው ሰው አልዋሸም። በሰማዩስ መንገድ ነበረ። ከቦሌ ተነስቼ ስቶክሆልም እስክደርስ ያስቸገረኝ የለም፤ ምሳው መጣ፣ ሻዩ መጣ፣ ብርድ ልብስ ሳይቀር አመጡልኝ። መንገዱ የጠፋው መሬት ከረገጥኩ በኋላ ነው። ተረቱን የተረቱት አባት የአውሮፓ አውቶቡስ ተሳፍረው አያውቁም።

እኔ የኮልፌ ሰው ነኝ። አጠና ተራ ጀርባ ልጆች አሳድጌ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃኋቸው ስል አንዷ ስዊድን፣ አንዱ ጀርመን ገቡ። «አባዬ፣ እስቲ መጥተህ እየን» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ሄድኩ። የሄድኩትም ባዶ እጄን አይደለም። ቪዛና ትኬቴን ለባንክ አሳይቼ፣ ፎርም ሞልቼ፣ ተሰልፌ የውጭ ምንዛሪ ገዝቻለሁ። ልጄም ወደ ስዊድን ገንዘብ፣ ወደ ክሮነር፣ አስመንዝራልኛለች። ደረት ኪሴ ውስጥ ያለው ኖት ገና ያልታጠፈ፣ ሲያዩት የሚያኮራ ነው።

እሷ ሥራ ስትገባ እኔ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብቻዬን ወጣሁ። አውቶቡሱ መጣ። ገባሁና ኖቱን ለሾፌሩ ዘረጋሁለት። ሾፌሩ ገንዘቡን ትቶ እኔን አየኝ። ራሱን ነቀነቀና በሩ አጠገብ የተተከለች ትንሽ መሣሪያ በጣቱ አሳየኝ። ገንዘብ የምትጎርስበት አፍ ፈለግሁላት፤ የላትም። ኖቱን ፊቷ ላይ ለጠፍ አደረግኩት። ዝም። ገለበጥኩት። አሁንም ዝም። ከኋላዬ የቆመች ተማሪ የምትመስል ልጅ ካርዷን ጠጋ አደረገች፤ ጢጥ አለ። ከፈለችልኝ! የቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ የእድር ዳኛ የነበርኩ ሰው፣ ገንዘብ በእጄ ይዤ የሰው ልጅ የአውቶቡስ ከፈለችልኝ። ያም ይሁን፤ ኖቱን ውሰጂ ብላት እምቢ አለች። ትሕትና መስሎኝ «ኧረ በሞቴ» እያልኩ ታገልኳት። ለካ ትሕትና አይደለም፤ የምታደርግበት የላትም። ማታ ልጄ ስትነግረኝ፣ ቡና የሚሸጠውም፣ ለቤተ ክርስቲያን መባ የሚሰጠውም በስልክና በካርድ ሆኗል፤ ኖት ይዞ የሚዞር እንደ እኔ ያለ እንግዳ ነው።

የሚያናድደኝ ይህን የሚያደርጉት እነማን እንደሆኑ ነው። አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያውን የባንክ ኖት ያተመችው ይህችው ስዊድን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1661። ከዚያ በፊት የሚገበያዩት በመዳብ ጠፍጣፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1644 የተሠራው ባለ 10 ዳለር ብቻውን ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። ገበያ ለመውጣት ሸክም ተሸካሚ መቅጠር ነበረባቸው ማለት ነው። ከዚህ የገላገላቸው ዮሐን ፓልምስትሩክ የሚባል ሰው ነው፤ ባንክ ከፍቶ ወረቀት አተመላቸው። አብዝቶ ሲያትም ግን ባንኩ ወደቀ፤ ሰውየውም ሞት ተፈርዶበት በኋላ ወደ እስር ተለወጠለት። በቦታው እ.ኤ.አ. በ1668 የተቋቋመው ባንክ ዛሬ ሪክስባንክ ይባላል፤ ከዓለም ማዕከላዊ ባንኮች ሁሉ አንጋፋው ነው። እንግዲህ ይታያችሁ፤ አውሮፓን ወረቀት ያስለመዱ ሰዎች፣ ዓለም ለምዶ ሲያበቃ «አንቀበልም» አሉ።

እኛስ ወረቀት ለመልመድ ስንት አይተናል! አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ተገበያዩ። ጠገራው ብር፣ ያ የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ በየትኛውም ዘመን ይቀረጽ ላዩ ላይ የሚነበበው 1780 ነው፤ ሰው ያመነው ያንን ነዋ። በ1937 ዓ.ም የወረቀቱ ገንዘብ ሲታወጅ ከብር የተሠራ 50 ሳንቲም አብሮት ወጣ። በ1969 ዓ.ም ደርግ ኖቱን ቀየረ። መስከረም 2013 ዓ.ም ደግሞ 10፣ 50 እና 100 ብሩ ተለውጦ 200 ብር የሚባል መጣ። በየቅያሬው ባንክ በር ላይ የተሰለፍነው እኛ ነን። ለምደን ስናበቃ ደግሞ «ወረቀቱ ራሱ ይቅር» ሊሉን ነው።

ልጄ አዘነችልኝና ካርድ አስያዘችኝ። ሥራውን ስታስረዳኝ ደስ ይላል። ካርዱ ባትሪ የለውም። ውስጡ የተቀበረ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ማሽኑ አጠገብ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ ከማሽኑ በሚመጣው ሞገድ ይነቃል፣ ለዚያች ክፍያ ብቻ የሚሆን ኮድ ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል። «ሌባ ቢያነሳውስ?» አልኳት። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ያለ ምስጢር ቁጥር የሚያሳልፈው በአንድ ጊዜ እስከ 50 ዩሮ ነው፤ ደጋግመህ ካስነካህ ደግሞ መሃል ላይ ቁጥሩን ይጠይቅሃል አለችኝ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2021 ወሰኑ እስከ 100 ፓውንድ ከፍ ብሎ ነበር። እኔን የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ከኋላዬ ሰልፉ ሲረዝም፣ ጣቴም በብርድ ሲደነዝዝ ነው። ሌላም ቅሬታ አለኝ። ጥሬ ገንዘብ ሲያልቅ ኪስ ይቀላል፤ ሰውም «ኧረ ተው» ይላል። ካርዱ ግን ሂሳቡ ሲሞላም ሲራቆትም ውፍረቱ ያው ነው። ሰው እንዴት ይደንግጥ?

ከዚያ ፍራንክፈርት፣ ወንዱ ልጄ ዘንድ ተሻገርኩ። አሁን ሠልጥኛለሁ። ዳቦ ቤት ገብቼ፣ ዳቦውን አስጠቅልዬ፣ ካርዴን በሁለት ጣቴ ከፍ አድርጌ አወጣሁ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ «ካሽ!» አለች። የሁለቱ አገር ሰዎች ራስ አነቃነቅ አንድ ዓይነት ነው፤ ምክንያታቸው ብቻ ይለያያል። ጀርመን ኖትና ሳንቲም የሚወድ ሕዝብ ነው፤ በአንዳንድ ትንንሽ ሱቅና ምግብ ቤት በር ላይ «ጥሬ ገንዘብ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የደረት ኪሴን ስፈትሽ ያለኝ ክሮነር ነው። ዳቦው ባንኮኒው ላይ ቀረ፤ እኔም ዳቦውን እያየሁ ወጣሁ።

ትልቁ ሱፐርማርኬትስ? እዚያ ካርድ ይቀበላሉ። ግን ዕቃ የምትገፋበት ጋሪ ከጓደኛው ጋር በሰንሰለት ታስሯል፤ የሚፈታው የ50 ሳንቲም ወይም የ1 ዩሮ ሳንቲም ሲጎርስ ነው። ለጋሪው ካርድ አሳየሁት፤ አልተፈታም። ልጄ ከቁልፍ ማንጠልጠያው ላይ በሳንቲም ልክ የተቆረጠች ፕላስቲክ አውጥቶ ሰካለት፤ ተፈታ! እኛ ዘንድ የውሸት ሳንቲም ይዞ መገኘት ያሳስራል፤ እነሱ ገበያ ይወጡበታል። በአውራ ጎዳናው ማረፊያ ደግሞ ሽንት ቤት ለመግባት 1 ዩሮ ተባልኩ። 1 ዩሮ በብር ስንት እንደሆነ ሳሰላ ሽንቴ ጠፋ።

አንድ ነገር ግን ተምሬያለሁ፤ ለተጓዥ ይጠቅማል። የስዊድኑን ካርድ ጀርመን ውስጥ ስታስነካ፣ አንዳንዱ ማሽን «በክሮነር ላስላልህ ወይስ በዩሮ?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። ልጄ «አባዬ፣ ሁልጊዜ የቆምክበትን አገር ገንዘብ ምረጥ» ብላኛለች። በራሳቸው ምንዛሪ ሲያሰሉልህ ልዩነቱን ቆርጠው ያስቀራሉ። ትሕትና ሲበዛ መጠርጠር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ለጎረቤቶቼም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ የእንግሊዝ ፓውንድ በመጽሐፍ ቅዱስ መሃል አጥፎ ያስቀመጠ ሽማግሌ አይጠፋም። ወረቀቱ የ20 እና የ50 ፓውንድ ኖት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 30 ቀን 2022 በኋላ በሱቅ መገበያያነቱ አብቅቷል፤ ቦታውን የያዘው ፕላስቲኩ ነው። ደግነቱ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ አሮጌውን ዛሬም ይለውጣል። ልጅ ወደ ለንደን ሲሄድ አስይዙት። ግን የለንደን አውቶቡስም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልምና፣ ባንኩ ጋ የሚደርስበትን በካርድ ይክፈል።

ወጣቶቹ «አባባ፣ ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እዚህ አይመጣም» ይሉኛል። የቱ ነው የማይመጣው? ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት የቀረው በ2015 ዓ.ም ነው። እኔ ያለኝ የበተን ስልክ ነው፤ በ*127# ይሠራል ብለው አሳዩኝ፣ እውነትም ይሠራል። ታዲያ ቁጥሩን ነክቼ፣ ምስጢሩን አስገብቼ ስጨርስ ከክፍያው መስኮት ጀርባ ያለችው ልጅ «አባባ፣ ሲስተም የለም» ትለኛለች። ገንዘቤ አለ፣ እኔ አለሁ፣ እሷ አለች፤ የሌለው ሲስተም ነው። ያልመጣውን እንግዳ ተቀምጠን እንጠብቃለን።

በሌላ በኩል ከጦር ኃይሎች አየር ጤና ታክሲ ልያዝ ብል ጣጣው ይገለበጣል። ድፍን 200 ብር ሳወጣ ወያላው ፊቱን ያጠቁራል።

«ፋዘር፣ ዝርዝር የለም?»

«የለኝም ልጄ።»

«እሺ፣ ሲገኝ እመልሳለሁ።»

መልሱ የሚገኘው እኔ ከወረድኩ በኋላ ነው።

ደግሞስ ንክኪ የሌለው ክፍያን ለኮልፌ ማን ያስተምራታል? ባለሱቃችን ዘንድ ልጅ ባዶ እጁን ይላካል፤ «አባባ አንድ ኪሎ ስኳር ብለዋል» ይላል፤ ይሰጠዋል። ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ገልጦ ይጽፋል። ገንዘብ አልተነካ፣ ስልክ አልተነካ። ምስጢር ቁጥርም አይጠየቅም፤ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል። መብራት ቢጠፋ ደብተሩ አይጠፋም። ይህ ሁሉ ሲሆን የኖርነው ያለ አንድ ማሽን ነው።

ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚሠራው ሥራም አለ። አዝማሪ ግጥም ሲያወርድልህ ግንባሩ ላይ ኖት ትለጥፋለህ፤ ካርድ ለጥፍና እስቲ ስድቡን ስማ። አበባየሆሽ ያሉ ልጆች ደጃፍህ ሲቆሙ «ኔትወርክ እስኪመለስ ዘፈኑን ድገሙት» ትላለህ? ለቅሶ ቤት ከባለሐዘኑ እጅ ውስጥ ሸጎጥ የምታደርጋትስ? ማንም ሳያይ የምትሰጥ ናት። ስልኩ ግን ስምህን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ጽፎ በመልእክት ይልካል። ችሮታ በደረሰኝ ሆነ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የስዊድን መንግሥት ለየቤቱ መጽሔት ልኳል፤ ጦርነት ወይም ሌላ ክፉ ቀን ቢመጣ ሕዝቡ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚመክር። ውኃ አስቀምጡ፣ የማይበላሽ ምግብ አስቀምጡ ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? ጥሬ ገንዘብ ቤታችሁ ይኑር፤ በተለያየ ዓይነት ኖት ቢሆን ይመረጣል። ልጄ ስታነብልኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ይህንን ምክር ባለቤቴ ማንም ሳይጽፍላት ዕድሜዋን ሙሉ በመቀነቷ ቋጥራ ኖራለች። መብራትና ኔትወርክ የሚጠፋበትን ቀን ኮልፌ በየሳምንቱ ትለማመደዋለች፤ እነሱ ገና በመጽሔት ደረሱበት።

እኔ ካርድ ይጥፋ አላልኩም። ሌባ የማይቀማው፣ መልስ የማይቀርበት፣ ልጅ ከባሕር ማዶ በደቂቃ የሚልክበት ነገር መጥፎ አይደለም። ግን በሩን ከሁለት አንዱ ላይ የሚዘጋ ሁሉ፣ አንዱ በካርድ ብቻ፣ አንዱ በጥሬ ብቻ እያለ፣ መሃል ላይ የሚያስቀረው ሽማግሌውን፣ ድሃውንና እንግዳውን ነው። ወደ አውሮፓ የምትሄዱ እኩዮቼ፣ ካርድም ሳንቲምም ያዙ፤ አንዱን አምናችሁ አትውጡ። እዚህ ያላችሁ መሥሪያ ቤቶችም፣ አዲሱን መስኮት ስትከፍቱ አሮጌውን አትከርችሙት፤ ለእኛ የምትሆን አንዲት ቀዳዳ ተዉልን። ባለ ዕዳ ልክፈል ብሎ መጥቶ አይመለስ። ሰው በያዘው ይክፈል።