"ቤቶች!" የማይባልበት በር

እናንተ ከወንበር ስትነሱ ጉልበታችሁ እንደ አሮጌ መዝጊያ የሚንቋቋ ወገኖቼ፣ እስቲ ቀረብ በሉ። ምን ጊዜ ላይ እንደደረስን ልንገራችሁ። ልጄ ለድመት በር አሠራች። አልተሳሳትኩም፤ ለድመት ነው ያልኩት። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ የራሴ የምለው ወንበር ለማግኘት ሁለት ዓመት በፈጀብኝ ቤት ውስጥ፣ ድመት የራሷ በር ወጣላት። ያውም ባትሪ የሚበላ፣ ቁጥር የሚያነብ፣ ለስልክ ወሬ የሚያቀብል በር።

ነገሩ ከምን እንደተነሳ ለእኔም ግልጽ አይደለም። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ እንዲያው ዝም ብዬ፣ "ይህቺ ድመት ሌሊት ሦስት ጊዜ ታስነሳኛለች፤ በዚህ ዕድሜዬ የድመት ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ" ብያለሁ። በማግሥቱም ሳልለው አልቀረሁም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራትም አልፎ አልፎ አንስቼው ይሆናል። ታዲያ ሰው ተነፈሰ ማለት መፍትሔ ፈልጉልኝ አለ ማለት ነው? ድሮ ሰው ሲያማርር "አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል" ተብሎ ቡና ይደገምለት ነበር። የዛሬ ልጆች ግን ገና "ወገቤን" ስትሏቸው ስልካቸውን ይመዛሉ። በሁለተኛው ቀን ደጃፍ ላይ ካርቶን ተቀምጦ ታገኛላችሁ።

የድመቷ ስም ኩኪ ነው። ያወጣችላት የልጅ ልጄ ናት፤ ብስኩት ማለት ነው አሉኝ። 14 ዓመት የሞላትን ባልቴት ብስኩት ብሎ መጥራት ነውር ስለሆነ እኔ "እሜቴ" እላታለሁ። ሐኪሟ እንዳለችው የ14 ዓመት ድመት በሰው ዕድሜ ብትሰላ 72 ዓመት ግድም ይሆናታል። በአራት ዓመት እበልጣታለሁ ማለት ነው። መገጣጠሚያዋንም ያማታል፤ 12 ዓመት ያለፋቸውን ድመቶች አብዛኞቹን ያማቸዋል አሉ። እኔ ጉልበቴን ብዬ ስሄድ "ዕድሜ ነው አባባ" ተብዬ ተሸኝቻለሁ። ለእሷ መድኃኒት ታዘዘላት።

በእኛ ጊዜ ለድመት በር የሚሠራ አናጺ አልነበረም። የቤታችን የሳንቃ መዝጊያ ታችኛው ጥጉ ላይ አይጥ የጀመረችው፣ ክረምት ያሰፋው፣ ድመት የጨረሰችው ሽንቁር ነበረው። ማንም አላሠለጠናትም። ጎታው ሥር ታድራለች፣ አይጧን ትይዛለች፣ ደመወዟ አንድ ጉርሻና ምድጃ ዳር መተኛት ነበር። ደግሞ ጨዋነቷ! ሽንቁሩ እያለላት እንኳ ደጃፍ ቆማ "ምያው" ትላለች፤ "ቤቶች!" ማለቷ ነው። እናቴ ከጓዳ "ማነው?" ትላለች። "ምያው።" "ግቢ።" ከዚያ በኋላ ነው የምትገባው። ያኔ እኮ ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። ዝናቡ ራሱ ልብስ ከተሰጣበት እስኪሰበሰብ ይጠብቅ ነበር። አይጧም ብትሆን ከጎታ ስትበላ ለዘር የሚሆነውን ታስተርፍ ነበር።

ልጄ መጀመሪያ ያስገጠመችው ዝም ብሎ የሚወዛወዝ የፕላስቲክ ክዳን ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ኩሽና ውስጥ ሳህን ሲንኳኳ ሰማሁና እሜቴ መስላኝ መብራት አበራሁ። ራኩን! እንደ ሽፍታ ፊቱን በጥቁር ተሸፋፍኖ፣ የድመቷን እህል በሁለት እጁ እየዘገነ ይበላል። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ አልደነገጠም። እሜቴ ፍሪጅ ላይ ወጥታ እንደ ዳኛ ቁልቁል ታየናለች። ያ በር አቤት ወዴት ሳይል ለመጣው ሁሉ የሚከፍት ነበርና ተነቀለ። በምትኩ ይኸኛው መጣ፤ ድመቷን በቁጥሯ የሚያውቅ።

ቁጥሯ የት አለ አትሉም? ቆዳዋ ሥር፣ በሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል ቺፕ ውስጥ ነው። 15 አኃዝ አለው። እኔ በዚህ አገር የተሰጠኝ ቁጥር ዘጠኝ አኃዝ ብቻ ነው። 38 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ድመቷ በስድስት አኃዝ በለጠችኝ። በሩ ቁጥሯን አንብቦ "ቋ!" ብሎ ይከፈታል። የሚሠራውም በአራት የባትሪ ድንጋይ ነው። እኛ ለሬዲዮ ስንት ዓመት ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣን፣ በጥርሳችን እየነከስን ስንጠቀም ኖርን! እነዚህ ቀይ መብራት ብልጭ ሲል አውጥተው ይጥሉታል። እኔ ከቅርጫት አንስቼ መስኮት ላይ አሰጣዋለሁ። 

ቅሬታዬን ሳሰማ የልጅ ልጄ፣ "አባባ፣ የድመት በር እኮ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኒውተን ነው የፈለሰፈው" አለችኝ። ይኸው ነው ስልክ የሚያስተምረው! "ኒውተን የተወለደው በፈረንጆቹ 1642 ነው፤ እንደገና ፈልጊ" አልኳት። ፈለገች። በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ካቴድራል፣ ትልቁ ሰዓት ባለበት ግድግዳ ሥር ባለው በር ላይ፣ ጳጳሱ ለድመት ቀዳዳ ያስበሱት በ1598 ሆኖ ተገኘ። ኒውተን ሊወለድ 44 ዓመት ሲቀረው! የሰዓቱ ገመድ ሞራ ይቀባ ስለነበር አይጥ አላስቀምጥ ብሎ ነው። አናጺው 8 ፔንስ ተከፈለው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ከ1305 ጀምሮ፣ በካቴድራሉ መዝገብ ለድመት በሳምንት አንድ ፔኒ ይያዝላት ነበር። አያችሁ? ድሮ ድመት ደመወዝተኛ ነበረች። የእኛዋ በር የተገዛበትን ልጄ ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ ደረሰኙን ግን ከቅርጫት አንስቼ አይቼዋለሁ። በ8 ፔንስ አልነበረም።

ደግሞ "ሥልጠና" አሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ክዳኑ በፕላስተር ወደ ላይ ተለጥፎ ቀዳዳው ክፍት ሆነ፤ ድመቷ እንድትለምደው። ጊዜው ጥር ነው፤ ቦታው ሜሪላንድ ነው። ማሞቂያው እያጓራ ቤቱን ያሞቃል፣ ቀዳዳው ሙቀቱን ለሰፈሩ ያድላል። እኔ ጋቢዬን ደርቤ ተቀምጫለሁ። እሜቴ ቀዳዳው ፊት ቁጭ ብላ ታየዋለች። ማዶውን አይደለም የምታየው፤ ቀዳዳውን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የልጅ ልጄ የድመቷን ጉንጭ በጨርቅ አሸችና ያንኑ ጨርቅ በሩ ክፈፍ ላይ ለቀለቀችው። ድመት በጉንጯ ጠረኗን ትተዋለች፤ የራሷን ጠረን ካገኘች ቦታው የእሷ ይመስላታል። ከዚያ ቱና በትንሽ ሳህን ከማዶ ተቀመጠ። እሜቴ አሰበችበት። አንድ መዳፏን በቀዳዳው አሾለከች፣ ሳህኑን በጥፍሯ ያዝ አደረገች፣ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ጎተተችው። ቤቷ ቁጭ ብላ በላች። ቤቱ ሁሉ አዘነ። እኔ ብቻ ደስ አለኝ፤ ከተማሪዎቼ መካከል ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትን አስታወሰችኝ።

"ገፋ አድርጓት!" ብል አማቼ እጁን አወዛወዘ። አንድ ጊዜ የተገፋች ድመት ሁለተኛ ወደ በሩ አትደርስም፤ በራሷ ጊዜ ነው መሆን ያለበት አለኝ። እኛስ? እኛን ፊደል ያስቆጠሩን በአለንጋ አልነበረም? ምን ሆንን? እኔ እስካሁን ወደዚያ የኔታ ደጅ እንኳ ዝር ብዬ አላውቅም፤ ይኸው ግን ሰው ሆኛለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ክዳኑ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ግማሽ ድረስ ወረደ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ይህ እንኳ ከእኛ የተወሰደ ነው፣ ምስጋናው ግን የትም የለም። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። የቀዳዳው ታችኛው ከንፈር ከድመት ሆድ ትይዩ መሆን ሲገባው እነሱ ከፍ አድርገው ነው የበሱት። በሚያማት እግር እንዴት ትዝለል? ማንም ሳይጠይቀኝ ሁለት ጣውላ ቸንክሬ፣ በአሮጌ ጋቢዬ ቁራጭ ጠቅልዬ፣ በውስጥም በውጭም ደረጃ ሠራሁላት። ለበሩ አድልቼ አይደለም። ሥራ ሲበላሽ ማየት ስለማልወድ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ወረደ፣ ማሽኑም ተለኮሰ። እሜቴ ደረጃው ላይ ወጥታ ሪዟን ወደ ፕላስቲኩ አስጠጋች። "ቋ!" አለ። ሁለት ቀን ሙሉ አልጋዬ ሥር ከረመች። እኔንም መጀመሪያ አውቶማቲክ በር የከፈተልኝ ቀን እንደዚሁ ነው ያደረገኝ፤ ከመደብሩ ደጃፍ ተመልሼ ቤቴ ገባሁ።

በዚህ መሃል አንድ ቅዳሜ፣ ሁሉም ሲወጡ፣ ነገሩን እንደ አስተማሪ ላሳያት ወሰንኩ። ተማሪ አይቶ ነው የሚማር። ጋቢዬን ተከናንቤ በትልቁ በር ወጣሁና በረዶው ላይ ተንበረከክሁ። እሜቴ ከውስጥ ሆና በፕላስቲኩ ታየኛለች። "እንዲህ ነው" ብዬ ክዳኑን በግንባሬ ገፋሁት። አልተንቀሳቀሰም። ደግሜ ገፋሁ። መነጽሬ በረዶው ውስጥ ወደቀ። ለካ በሩ እየፈለገኝ ነው፤ ቁጥሬን። ትከሻዬ መሃል የሩዝ ፍሬ የለም። ባሳደግኳት ልጅ ቤት ደጃፍ፣ በአራት እግሬ ሆኜ፣ "ማነህ?" እንኳ ሳልባል ተከለከልኩ። በፕላስቲኩ ማዶ እሜቴ ዓይኗን ጨፈን፣ ገለጥ አደረገች። እንደ ራሴ አውቃታለሁ፤ አዝናልኛለች።

እርግጥ ሌሊት ሌሊት ትልቁን በር እኔ ነበርኩ የምከፍትላት። እነዚያን አራት ሳምንታት በሙሉ። ምን ላድርግ፣ አሮጊት እኮ ናት! መዳፏን ጉንጬ ላይ ታሳርፋለች፣ እነሳለሁ፣ እከፍታለሁ። ግን ይህ ከሥልጠናው ጋር ምን አገናኘው? ልጄ ግን ሥልጠናው ለምን እንደዘገየ ግራ ሲገባት ወደ እኔ ነው የምታየው።

ከዚያ አንድ ጠዋት የልጅ ልጄ ቁርስ ላይ እየጮኸች መጣች። "ገባች! ኩኪ በራሷ ወጥታ በራሷ ገባች! ስልኩ ጽፎታል፤ 3፡04!" ሰዓቴን አየሁ። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። "ልጄ፣ ሦስት ሰዓት ገና አልደረሰም እኮ። ባልደረሰ ሰዓት እንዴት ትገባለች?" አልኳት። በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው አሉኝ። አያችሁ መላ ሲያጡ? ሰዓቱን ስድስት ያዞሩታል።

እውነት ሆኖ ተገኘ። በነጋታውም ወጣች፣ ገባች። በሦስተኛውም ሌሊት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ነቅቼ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ራቅ ብሎ "ቋ!" ይላል። ከዚያ ዝም። ጉንጬን የሚነካ የለም፣ "ምያው" የሚል የለም፣ "ማነው?" ብዬ የምጠይቀው የለም። ደግሞ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ይወስደኝና እስኪነጋ እተኛለሁ! በ76 ዓመት ሰው ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ይገባዋል? ለልብ ደግ ነው? ቢያንስ ድሮ ሦስት ጊዜ ስነሳ እግሬ ይፍታታ ነበር።

ስልኩ ላይ ደግሞ "ሰዓት እላፊ" የሚሉት አለ፤ ድመት ከዚህ እስከዚህ ሰዓት እንዳትወጣ በሩን ይቆልፋል። ሰዓት እላፊን በደርግ ጊዜ አውቀዋለሁ፤ ያኔ እንኳ በሰው ላይ ነበር የሚታወጀው፣ ወግ ነበረው። እኔ መቼም ስልክ መነካካት አልችልም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ባለፈው ሐሙስ ማታ ግን ብርዱ ጠና፣ ራኩኑም አለ። ስለዚህ የበሩን ሥዕል ነካሁ፣ ከውስጡ የቁልፏን ሥዕል ነካሁ፣ "ኩኪ" የሚለውን መረጥኩ፣ ከአራት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ብዬ በእነሱ አቆጣጠር 10 እና 6 ሞላሁ፣ ለልጄ ስልክ መልእክት የሚልከውን አጠፋሁና ተኛሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለስላሳ መዳፍ ጉንጬ ላይ አረፈ።

"ማነው?" አልኩ በጨለማ።

"ምያው።"

"ቆይ፣ መጣሁ። ጉልበቴን ልሰብስብ።"

ትልቁን በር ከፈትኩላት። ደፉ ላይ ቆመች። በረዶውን አየች፣ ብርዱን አሸተተች፣ እኔን አየች። አልወጣችም። ተመልሳ በእግሬ መሃል አለፈችና አልጋዬ ላይ ወጣች።

ጠዋት የልጅ ልጄ ስልኩን እያገላበጠች፣ "ትናንት አልወጣችም፤ ረሳችው እንዴ?" አለች። "አላልኳችሁም? ማሽን አይታመንም" አልኩ። ልጄ ምንም አልተናገረችም፤ ቡናዬን እየቀዳች ትክ ብላ አየችኝ። እኔም ፍንጃሌን ተቀብዬ፣ "ይህቺ ድመት ዛሬም ስታስነሳኝ አደረች፤ በዚህ ዕድሜዬ የድመት ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ" አልኩ።