ቆዳን በአንድ ወር ለማበላሸት የሚበቃ ምክር

ቆዳዎ ጤነኛ ነው እንበል። አያሳክክም፣ አያቃጥልም፣ አይሰነጠቅም። ይህን ለመለወጥ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጽዳት መውደድና የመጣውን ምክር ሁሉ መቀበል ይበቃል። ከዚህ በታች የሰፈረውን እንዳለ የሚፈጽም ሰው ወር ሳይሞላው ፊቱ ውሃ ሲነካው ይለበልበዋል፣ እጁም ደም እስኪወጣው ይሰነጠቃል። እንዲህ ገልብጬ የምጽፈው ይህንን ሁሉ በየቤቱ በቅን ልብ የሚያደርጉ ብዙዎች ስላሉና ስለሚያሳዝኑኝ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚያፈርሰውንም አብሬ እናገራለሁ።

ለማፍረስ በመጀመሪያ የሚፈርሰውን ማወቅ ያሻል። የቆዳችን የመጨረሻው ላይኛ ሽፋን በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ውፍረቱ ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚህች ስስ ሽፋን ውስጥ ከ15 እስከ 20 ረድፍ የሚሆኑ ጠፍጣፋ የሞቱ ሕዋሳት ተደራርበዋል፤ በመካከላቸው ስብ አለ። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ፒተር ኤልያስ ሽፋኑን በግንብ መስሎ አስረድቷል፤ ሕዋሳቱ ጡብ፣ ስቡ ጡቡን የሚያያይዘው ሲሚንቶ። ከስቡ ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ፣ ሩብ ያህሉ ኮሌስትሮል፣ የቀረው በአብዛኛው የስብ አሲድ ነው። የሰውነታችን ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ የሚይዘው፣ ጀርምና ኬሚካል እንዳይገባ የሚከለክለው ይኸው ነው። ከታች አዲስ ሕዋስ እየተወለደ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይሞታል፣ ይረግፋል፤ ዙሩ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ሽፋኑ ሙት ስለሆነ ግን ብዙ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። ገላ ሲታሽ እየተጠቀለለ የሚወርደውን እድፍ እያልን እስኪያልቅ እንፈትጋለን። ከሚወርደው ብዙው ይህ ሽፋን ራሱ ነውና የሚያልቅበት ጊዜ የለም፤ ካለቀ ቆዳው ተልጧል ማለት ነው።

እንግዲህ ይጀምሩ። ገላዎን በየቀኑ፣ በሚያቃጥል ውሃ፣ ለረጅም ጊዜ ይታጠቡ። ሳሙናው የልብስ ይሁን፣ ካልሆነም አረፋው የበዛ፣ ሽታው የበረታ ይሁን። ማሻው ይሻክር። ሲጨርሱ ፊትዎ ተወጥሮ ለመሳቅ እስኪያስቸግርዎ ከደረሰ «አሁን ጠራ» ይበሉ።

ያ መወጠር ግን ስቡ ተጠርጎ መሄዱን፣ ውሃውም መትነን መጀመሩን የሚናገር ምልክት ነው። የጤነኛ ቆዳ ገጽ በመጠኑ አሲድ ነው፤ ፒኤቹ 5 አካባቢ ይሆናል። ሻዴና ማርኪዮኒኒ የተባሉ ሐኪሞች ይህን የአሲድ ሽፋን እ.ኤ.አ. በ1928 ገልጸውታል። የተራ ሳሙና ፒኤች ከ9 እስከ 10 ነው። ሴራማይድ የሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች ሥራቸውን የሚሠሩት አሲድ ባለበት ነው፤ ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያያያዘውን ማሰሪያ የሚቆርጡት ደግሞ አሲዱ ሲጠፋ ይበረታሉ። ስለዚህ ሳሙናው ተለቃልቆ ከወረደ በኋላም ጉዳቱ አይቆምም፤ አዲሱ ስብ ይዘገያል፣ ሕዋሳቱም ያለጊዜያቸው ይረግፋሉ። ጤነኛ ቆዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ አሲድነቱ ይመለሳል። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ፊቱን በሳሙና የሚታጠብ ሰው እነዚያን ሰዓታት ይነፍገዋል። ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር ሳሙና ያስፈልጋል፤ ጭቃና ቅባት ላልነካው ለቀረው ገላ ለብ ያለ ውሃ በአብዛኛው ቀን ይበቃዋል።

እጅዎን ለማበላሸት የበለጠ ፈጣን መንገድ አለ። ያለ ጓንት በረኪና ውስጥ ይንከሩት፤ ዕቃ፣ ልብስና ወለል ሲያጥቡ ይዋሉ፣ ማታ ሳይቀቡት ይተኙ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች፣ የሆቴል አጣቢዎች፣ የፀጉር ቤት ሠራተኞችና ነርሶች ይህን የሚያደርጉት ወደው አይደለም። ጓንት መግዛት የአሠሪው ግዴታ ሆኖ ሳለ በሠራተኛዋ ጣት ላይ የሚቆጠበው ገንዘብ ያናድደኛል። የተሰነጠቀ እጅ የሚነካውን ኬሚካል ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሰውነት አንድ ጊዜ ያንን ኬሚካል መቃወም ከለመደ አለርጂው ዕድሜ ልክ ሊከተል ይችላል። ከውስጡ የጥጥ ጓንት የተለበሰበት የላስቲክ ጓንትና ማታ ማታ በወፍራሙ የተቀባ ቫዝሊን ብዙ እጅ ያድናሉ።

ብጉር ወይም ማድያት ሲወጣ ደግሞ ሎሚ ይጭመቁበት፣ የጥርስ ሳሙና ይለጥፉበት። የሎሚ ጭማቂ ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው። በላዩ ፀሐይ ካረፈበት ቆዳውን እንደ እሳት ሊያቃጥለውና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ማድያቱን ያጠፋል የተባለው ማድያቱን ያጠቁረዋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ዋናው መሣሪያ ይቀራል፤ ጓደኛ ያመጣችውና ስሙ በማይነበብ ብልቃጥ የሚሸጥ፣ ፊት «ያጠራል» የሚባለው ክሬም። ወይም ለሌላ ሰው የታዘዘ የክሎቤታሶል ቅባት። ማንንም ሳይጠይቁ ፊትዎን ጧትና ማታ ይቀቡት። ሲያምርብዎት አያቁሙ።

በመጀመሪያው ሳምንት በእርግጥ ያምራል፤ ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። ክሎቤታሶል ለቆዳ ከሚሰጡት ስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። የደም ሥሮችን ያጠባል፣ እብጠትን ያበርዳል፣ ቀለሙንም ያሳሳል። ከዚያው ጎን ግን የስቡን መሠራት ያዳክማል፤ ሲቆይ ከሥር ያለውን ቆዳ ያቀጥነዋል። ከወራት በኋላ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይፈላል፣ ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል። ሴትዮዋ ደንግጣ ስታቆም ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላታል፤ ተመልሳ ስትቀባ ይበርድላታል። ስለዚህ ክሬሙ የሚስማማት፣ ማቆሙ የሚጎዳት ይመስላታል። ብዙ ሴቶች ዓመታትን የሚያሳልፉት በዚህ አዙሪት ውስጥ ነው። የመድኃኒቱ መመሪያ ከ2 ተከታታይ ሳምንት፣ በሳምንትም ከ50 ግራም እንዳያልፍ ያዛል፤ ለፊትም አይደለም። ጭርት ላይ ከተቀባ ማሳከኩን አስታግሶ ፈንገሱን ያሰፋዋል፤ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪሙን ሳይቀር ያሳስታል። በድብቅ ከሚሸጡት ማንጪያዎች ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ፤ ኩላሊት ይጎዳሉ። ከሚሊዮን 1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማንጪያ እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና እንዳይነገድ የሚናማታ ስምምነት የከለከለው ለዚህ ነው።

ይህን ሰምታ የልጇን የችፌ ቅባት የምትጥል እናትም እንዳትኖር እፈራለሁ። ሐኪም አይቶ፣ ጥንካሬውን መርጦ፣ ቀኑን ቆጥሮ ያዘዘው ስቴሮይድ በችፌ የሚሰቃይን ሕፃን እንቅልፍ ይመልሳል። ያልታከመ ችፌም ግንቡን በየቀኑ ያፈርሳል፤ ልጁ ባከከ ቁጥር ጀርም በአዲስ በር ይገባል።

ከታጠቡ በኋላ ደግሞ ገላዎ ጠውልጎ እስኪነጣ ይጠብቁ፤ ቅባት የሕፃናትና የአሮጊቶች ነው ይበሉ። በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ክረምት ማሞቂያ በሚያደርቀው ቤት ውስጥ፣ ወይም በዱባይ ቀን ከሌት አየር ማቀዝቀዣ ሥር ከሆኑ ይህ ብቻውን ይበቃል። ሐኪሞች ግን ቆዳው እርጥበቱ ሳይለቀው ወዲያው እንዲቀባ ይመክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1872 ሮበርት ቼዝብሮ የባለቤትነት መብት ያወጣበት ቫዝሊን ዛሬም ከብዙ ውድ ብልቃጥ ይበልጣል፤ የሚተነውን ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉ ያስቀራል፤ ሽታና ቀለም የሌለው ከሆነ የሚያስቆጣውም ጥቂት ሰው ነው። ዘይት ሁሉ እኩል አይደለም። የወይራ ዘይት ግንቡን እንደሚያላላ ታይቷል፤ የሱፍ ዘይት በውስጡ ባለው ሊኖሌይክ አሲድ የተነሳ ያግዘዋል። በባንግላዴሽ ሆስፒታል ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሱፍ ዘይት ሲታሹ ወደ ደም የሚገባ ኢንፌክሽን እንደቀነሰላቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። የሕፃን ቆዳ ገና እየተሠራ ያለ ግንብ ነውና የሚቀባው ነገር ለሕይወቱ ይቆጠራል።

የመጨረሻው ምክር ለእግር ነው፤ ከሁሉ የሚያመኝም እርሱ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይናደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ከልጅነት ጀምሮ በባዶ እግር ይሂዱ። ተረከዝዎ ሲሰነጠቅ ይተዉት። ማታ እግርዎን አይታጠቡ። እብጠቱ ሲጀምር እርግማን ነው ብለው ይሸሽጉት፤ ጎረቤትዎ ላይ ካዩት ደግሞ ልጁን ለልጅዎ አይዳሩ።

ዝሆኔ በአገራችን የሚጀምረው በአብዛኛው እንዲህ ነው። በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ምክንያቱ ትል ሳይሆን አፈር መሆኑን አሳየ፤ ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ይዘጋል። በሽታው አይተላለፍም። በአንድ ቤተሰብ የሚደጋገመው የዘር ተጋላጭነት ስላለ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2012 በዘረመል ጥናት ታይቷል። በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደያዘ ተገምቷል። ቆዳው ሲሻክርና ሲሰነጠቅ ጀርም ይገባል፤ እግሩ ይግላል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ ገበሬው በእርሻ ወቅት ቀናትን አልጋ ላይ ይውላል።

ሕክምናው ከላይ የተበላሸውን ሁሉ የሚገለብጥ ነው፤ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። እጅን የሚያቃጥለው በረኪና እዚህ መድኃኒት የሆነው እጅግ ስለቀጠነ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው እንክብካቤ የትኩሳቱን መመላለስ በ19 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚሁ በኢትዮጵያ የተደረገ ሌላ ጥናት በመዘፍዘፊያው ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨመረበት፤ የእነዚህ ሕሙማን ቆዳ ከነባሩ አሠራር ይልቅ ውሃ መያዝ ቻለ። የሚያስፈልገው ውሃም እጅግ አነስተኛ ነበር፤ ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ ለምታመጣ፣ ሁለቱም እግሮቿ ላበጡ ሴት ይህ ሕክምናውን ማታ ማታ ማድረግ የመቻልና ያለመቻል ጉዳይ ነው።