ሐተታ በእንተ ረዋጽያን፤ ወይም የከሚሴ ሻይ ቤት የኦሊምፒክ ጉባኤ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው አውራ ጎዳና የጨፋን ሜዳና የቦርከናን ወንዝ ተጎራብቶ በሚያልፍባት በከሚሴ ከተማ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ቴሌቪዥኑ እንዳይሰረቅ በብረት የታሰረ አንድ ሻይ ቤት አለ፤ ይህ ጸሐፊም በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለሌላ ጉዳይ መጥቶ፣ ጉዳዩ «ነገ ተመለስ» እየተባለ ሲጓተትበት በዚያ ቤት ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ሲያዳምጥ፣ ስለ ሀገራችን ሯጮች ዕድል የሚደረገው ክርክር ተራ ወሬ ሳይሆን ንባብ፣ ትርጓሜ፣ ምስጢርና ውግዘት ያለው የጸና ትምህርት መሆኑን ስለ ተረዳ፣ ለሊቃውንት ምርምር ይረዳ እንደ ሆነ በማለት ይህችን ሐተታ አዘጋጅቷል።

አስቀድሞ የቦታው ጠባይ ሊታወቅ ይገባል። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያበቀለችው በቆጂ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ደጋ ስትሆን፣ ከሚሴ ግን ከ1500 ሜትር በታች የምትገኝ፣ በቀትር ጊዜ ሰው ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው ለመሻገር እንኳ ከባልንጀራው ጋር የሚመክርባት ቆላ ናት። ስለዚህ ተፈጥሮ ሥራን ስታከፋፍል ለደጋው ሩጫውን፣ ለቆላው ክርክሩን ሰጥታለች ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም፤ ማራቶኑ በሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ሲያልቅ ክርክሩ አራት ዓመት የሚፈጅ በመሆኑ፣ ከሁለቱ የበለጠ ጽናት የሚጠይቀው የትኛው እንደ ሆነ መመርመር ደግሞ የሌላ ሐተታ ፈንታ ነው።

ጉባኤው የሚከፈተው ከዙህር ሶላት በኋላ ሲሆን አቀማመጡም ማዕረግ አለው። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለው ወንበር፣ ቤቱ ሁሉ «አያ» የሚላቸው የአንድ ጡረተኛ መምህር ነው፤ ከእርሳቸው ቀጥሎ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ፍየል የሚነግዱ ጎልማሳ፣ በበሩ በኩል ደግሞ አንድ ዓይኑን ከባጃጁ ላይ ሳይነቅል የሚከራከር ወጣት ይቀመጣል፤ ይኸውም ወጣት የዓለምን ሯጮች ሰዓት ሁሉ በቃሉ ያጠና ሲሆን፣ የገዛ ባጃጁን ታርጋ ሲጠየቅ ግን ወጥቶ አይቶ ይመልሳል። ንግግሩ በአማርኛ ይጀመራል፤ ሲከር ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል፤ ማሰሪያው መሐላ ነውና እርሱ በዐረብኛ ይፈጸማል።

በትምህርት ረገድ ቤቱ ለሁለት ዐበይት ወገኖች ተከፍሏል። ባለ ሰዓቶች የሚባሉት «ሰዓት አይዋሽም» ብለው የሚያምኑ ናቸው፤ ባለ አጨራረሶች ደግሞ በውድድር ቀን ሰዓቱ ሳይሆን የመጨረሻው ዙር እንደሚፈርድ ሲያስተምሩ፣ ማርሽ ቀያሪውን ምሩጽ ይፍጠርን በ1972 ዓ.ም. ከሞስኮ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴንም ፖል ቴርጋትን በመቶኛ 9 ሰከንድ ከቀደመበት ከ1993ቱ ሲድኒ አብነት አድርገው ይጠቅሳሉ፤ መቶኛ ሰከንድ ምን ያህል እንደ ሆነች ለማያውቅ እንግዳም አያ ከሻይ ማንኪያቸው ጫፍ ላይ አንዲት የስኳር ፍሬ አንሥተው ያሳያሉ። ሁለቱ ወገኖች የተሸነፈው ለቤቱ ሻይ ሊከፍል ተማምለው ሐምሌ 26 ቀን ማታ የፓሪሱን የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ጠበቁ። በሪሁ አረጋዊ፣ ሰለሞን ባረጋና ዮሚፍ ቀጄልቻ እየተቀባበሉ ዙሩን አከረሩት፤ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26 ደቂቃ ከ43.14 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ፤ በሪሁ በ26 ደቂቃ ከ43.44 ብር አገኘ። ባለ ሰዓቶች ቀነኒሳ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ያቆመው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በመሰበሩ ሩጫው የሰዓት ሩጫ ነበር ብለው ድላቸውን አወጁ፤ ባለ አጨራረሶችም ወርቁ የጠፋው በመጨረሻው ዙር ነው ብለው የእነርሱን አወጁ። ሁለቱም ስላሸነፉ ሻዩን የከፈለ አልተገኘም፤ ዕዳው እስከ ዛሬ በባለቤቲቱ ደብተር ላይ ይገኛል።

የተስፋውም መጠን ከፀሐይ ጋር የሚንቀሳቀስ ነው። በሰባት ሰዓት ሁለት ወርቅ ይጠበቃል፤ ጫቱ ተዘርግቶ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አራት ይደርሳል፤ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ምርቃናው ሲጸና፣ ሁለቱንም ማራቶን ጨምሮ የረጅም ርቀቱ ወርቅ በሙሉ የእኛ ይሆናል፤ በማግሥቱ ጠዋት ከዚያው ሰዎች አንዱ መንገድ ላይ ቢጠየቅ ግን «ዘንድሮስ እንጃ» ይላል። ፓሪስ የሰጠችን 1 ወርቅና 3 ብር እንደ ነበረ ስናስብ፣ ወደ እውነት የቀረበው ጠዋት ላይ በባዶ ሆድ የተነገረው ትንቢት ሆኖ እናገኘዋለን።

የትርጓሜው ስልት ከቀደሙት መምህራን አንድምታ የሚተናነስ አይደለም። ንባቡ «ቀነኒሳ በቀለ በ42 ዓመቱ ለማራቶን ተመረጠ» ይላል። አንድም፣ በሚያዝያ ለንደን ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጥቷልና ሰዓቱ ይገባዋል ሲል ነው። አንድም፣ ሽማግሌ የሌለበት ሸንጎ አይረጋምና ወጣቶቹን እንዲያስታርቅ ነው። አንድም፣ ቀነኒሳ ማለት በኦሮምኛ የሚያንደላቅቅ ማለት ነውና ያለ ድሎት አይመልሰንም ሲል ነው፤ ይህን ምስጢር የገለጡት የፍየል ነጋዴው ናቸው። በዚህ ላይ ስድስት ቀን ሙሉ ሲከራከሩ፣ የቦስተኑ አሸናፊ ሲሳይ ለማ በመጎዳቱ ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ተተካ የሚል ዜና መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ኦሪገን ላይ የዓለም ሻምፒዮን በሆነው በዚህ ሰው ላይ ጉባኤው ያጠፋው ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይ ለማማሰል የሚበቃ ያህል ነበር። ወጣቱ «ያው ለቁጥር ነው» አለ፤ ወደ ቀነኒሳም ተመለሱ።

ነሐሴ 1 ቀን ማታ፣ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል፣ ለሜቻ ግርማ በመጨረሻው ዙር መሰናክሉ ጥሎት በቃሬዛ ሲወጣ፣ ይህ ጸሐፊ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቱን ጸጥታ ሰማ። ማንም አልተረጎመም። በማግሥቱ የገባው ሁሉ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳያደርስ፣ «ነቃ ወይ?» ነበር የሚለው።

ቅዳሜ ነሐሴ 4 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማራቶኑ ተጀመረ፤ ለቁጥር የገባው ታምራትም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን፣ ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል በኋላ የራቀንን የወንዶች ማራቶን ወርቅ መለሰ። ቀነኒሳ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ 39ኛ ወጣ፤ አያም ይህ ሰዓት አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ካሸነፈበት በ13 ሰከንድ ያህል ብቻ የሚዘገይ መሆኑን አስልተው፣ ስድሳ ዓመት ቀደም ብሎ ቢሮጥ ኖሮ ብሩ የእርሱ እንደ ነበር አረጋገጡ፤ ስሌቱ ርቱዕ በመሆኑ የተቃወማቸው የለም። ወዲያውም ቤቱ በአንድ ድምፅ «አላልሁም?» አለ። ይህ ጸሐፊ የሁሉንም ቃል በየቀኑ ሲመዘግብ የቆየ ነውና ደብተሩን አውጥቶ ታምራትን የተነበየ አንድም ሰው አለመኖሩን ቢያሳይ፣ ደብተሩ ሐሰተኛ መጽሐፍ ነው ተብሎ ተወገዘ። (በማግሥቱ ሲፋን ሐሰን ትዕግሥት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ወርቁን ለሆላንድ ስትወስድ፣ ትውልዷ አዳማ ማሊያዋ የባዕድ የሆነች ሯጭ ወርቋ ለማን ይቆጠር የሚል፣ የጥንት ጉባኤያትን ካደከመው የባሕርይ ክርክር የማያንስ ጥያቄ ተነሥቷል፤ እልባት አላገኘም።)

ከዚህ ሁሉ በኋላ አያ እንዲህ ሲሉ ደነገጉ፤ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ 5፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮማን በባዶ እግሩ ሲረታ፣ እንደሚተረከው ዋሚ ቢራቱ ስለ ቀረ በቦታው የገባ ነበር፤ እነሆ ከ64 ዓመት በኋላ ታምራትም ምትክ ሆኖ አሸነፈ፤ እንግዲያው ወርቁ የሚመጣው ጉባኤው ባልተከራከረበት ሰው ነውና፣ ለ2020ው የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ተስፋ የሚጣልበት ሯጭ ተመርጦ ስሙ በዚህ ቤት ከቶ እንዳይነሣ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ዱዓም ተደረገበት። ከዚያ በኋላ የቀረው፣ ስሙ የማይነሣው ሯጭ ማን እንደ ሆነ መስማማት ብቻ ነበር።

ይህ ጸሐፊ ከሚሴን እስከ ለቀቀበት ቀን ድረስ እንዳይነሡ የተነሡት ስሞች አሥራ አንድ ደርሰው ነበር።