ብላ ባይ ሲበዛ

መታመሙስ ይቻላል። ሰው ታሞ ሲተኛ ቢያንስ ይተዉታል፤ ቴሌቪዥኑ ይቀነስለታል፣ መጋረጃው ይሳብለታል፣ አልበላም ቢል እንኳ «ተዉት፣ ትኩሳት ላይ ነው» የሚልለት አያጣም። ፍዳው የሚጀምረው ትኩሳቱ የበረደ ዕለት ነው። ቀና ብሎ ትራስ ከተደገፈ በኋላ የአፉ አዛዥ እሱ መሆኑ ይቀራል። እናት አጥሚት ይዛ ትገባለች፣ አክስት ገንፎ ታስከትላለች፣ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት በማር ትልካለች፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ሙዝና የካርቶን ጁስ አንጠልጥሎ ይመጣል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ «የኔን ብቻ ብላ፣ ሌላውን ተወው።» ሌላው የተባለው ከሱ በፊት የገባው ጠያቂ ያመጣው ነው።

በክረምት ታይፎይድ ይዞት የተነሳ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። «ወተት ጠጣ፣ ሆድ ያለሰልሳል።» «ወተት እንዳትነካ፣ ሆድ ይነፋል።» «ሙዝ ለሆድ ጥሩ ነው።» «ሙዝ ብርድ ነው፣ ሳሉን ይመልስብሃል።» «ቅቤ የጠጣ ገንፎ ወገብ ያጠናል።» «በዚህ ሆድህ ቅቤ? ሰውዬውን ልትገድሉት ነው?» «የዶሮ ሾርባ ይሠራለት።» «የሐበሻ ዶሮ ካልሆነ ይቅርበት፣ የፈረንጅ ዶሮ ራሱ በሽታ ነው።» ቡና ተው ይሉሃል፤ ወዲያው ደግሞ «ኧረ ቡና ካልቀመሰ ራሱን ያመዋል» ብለው አቦሉን አልጋህ ድረስ ያመጡልሃል። እምቢ ካልክ ጋሼ ከሶፋው ላይ ሆነው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለው ይተርቱብሃል። መከራውማ እኮ መክሮኝ ነው እዚህ የተኛሁት!

አንድ ቁርጥ ያለ ቃል ከሐኪም ቢገኝ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልተነሳ ነበር። ሐኪሙ ግን ከወረፋው ብዛት አንገቱን ሳያቀና «ፈሳሽ በደንብ ውሰድ፣ በደንብ ተመገብ» ይልና ቀጣዩን ይጠራል። የቱን ፈሳሽ? በደንብ ማለት ስንት ነው? ብለህ እንዳትጠይቅ ከኋላህ ያለው ሰውዬ ገብቶ ወንበሩን ይዞታል። መድኃኒት ቤት ስትሄድ ደግሞ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ ተብሎ ይጻፍልሃል። ምግቡ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ የሚነግርህ የለም። ይህን ክፍተት ነው ሰፈሩ የሚሞላው፤ ባዶ ወንበር ሲገኝ ሁሉም ሐኪም ነው።

ከምክሮቹ ሁሉ ለመመለስ የምታስቸግረው በፍቅር የምትነገረዋ ናት፤ «መድኃኒቱ ከባድ ነው፣ ሆድህን እንዳይበላህ በወተት ዋጠው።» ለታይፎይድ በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሰው ሲፕሮ የሚለው ነው። ወተትና እርጎ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲፕሮውን አንጀት ላይ ይይዘውና ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። ወደ ደም የሚገባውን የዶክሲሳይክሊን መጠንም ወተት በጥቂቱ ይቀንሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መድኃኒቱን በውሃ ውጦ ወተቱን ቢያንስ 2 ሰዓት ማዘግየት። ይህችን ተናግሮ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የሚናገራት ሲጠፋ ግን በሽተኛው ውድ ዋጋ የከፈለበትን መድኃኒት በወተት እያራሰ ኃይሉን ይቀንስና «ይሄ መድኃኒት አልያዘልኝም» ብሎ ሌላ ክሊኒክ ይፈልጋል።

የፈሳሹ ነገር ደግሞ ይብሳል። ተቅማጥ ያደከመው ሰው ፈሳሽ ውሰድ ሲባል ቤተሰቡ ወደ ሱቅ ሮጦ ለስላሳ ያመጣል፤ ጋዙ ይውጣለት ብሎ ክዳኑን ከፍቶ አልጋው ሥር ያስቀምጥለታል። ቀለሙ ያማረ፣ ጣዕሙ የጣፈጠ፣ ጠያቂም ይዞት ሲገባ የማያፍርበት ነው። በ1 ሊትር ለስላሳ ውስጥ ግን በአብዛኛው ከ100 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ጨው ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሚመክረው ኦ አር ኤስ በተባለው የሚበጠበጥ ዱቄት ቀመር በ1 ሊትር ውሃ የሚበጠበጠው ግሉኮስ 13.5 ግራም፣ የገበታ ጨው 2.6 ግራም ነው። ይህ ልክ እንዲሁ የተገመተ አይደለም፤ ግሉኮስና ሶዲየም የአንጀትን ግድግዳ ተያይዘው ሲያልፉ ውሃውንም አብረው ይስቡታል። ስኳሩ ከልክ ሲያልፍ ነገሩ ይገለበጥና ውሃው ከሰውነት ወደ አንጀት ይመለሳል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ይሁንና ኦ አር ኤስ ይዞ የሚጠይቅ ዘመድ አይቼ አላውቅም። ርካሽ ነዋ! ርካሽ ነገር ይዞ የሰው ቤት መግባት ያሳፍራል፤ በሽተኛው ቢጠወልግ ይሻላል።

የሚገርመው ነገር ለሕፃናት የተጻፈ ደንብ መኖሩ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ምግቡ እንዳይቋረጥ፣ ካገገመም በኋላ ቢያንስ ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ እንዲሰጠው ጤና ጣቢያ ላይ ለእናቶች ይነገራል። ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን እንደሚሰጥም ይነገራል። ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን፣ ሁሉም ተቆጥሯል። ትልቅ ሰው ሲሆን ግን መቁጠሩ ቀርቶ «በደንብ ብላ» ይባላል፤ በደንብ ማለትም የእናትህ ሳህን ስፋት ይሆናል።

ጭቅጭቁ በኛ አልተጀመረም። በሂፖክራተስ ስም የሚጠራ ስለ ጽኑ ሕመምተኞች አመጋገብ የተጻፈ ጥንታዊ የግሪክ መጽሐፍ አብዛኛው ክርክሩ በገብስ አጥሚት ላይ ነው፤ ይጠለል ወይስ አይጠለል፣ መቼስ ይጀመር እያለ። ጸሐፊው ሐኪሞች እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ሰዉ ሙያቸውን ከወፍ ጥንቆላ ለይቶ የማያይ መሆኑን ያማርራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የደብሊኑ ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ ትኩሳት የያዘውን ሰው ማስራብ ልማድ ሆኖ ቢያገኘው ተቃወመ፤ መቃብሬ ላይ ትኩሳታሞችን መመገቤ ይጻፍልኝ ብሏል ይባላል። በሽተኛ ይብላ የሚለው ወገን ድል ካደረገ ቆይቷል ማለት ነው። እኛ ቤት ያለው ጦርነት ግን ይብላ አይብላ አይደለም፤ የማንን ይብላ ነው።

እንዳትሳሳቱብኝ፣ በአጥሚቱ ላይ ቂም የለኝም። ሆዱ የደከመ ሰው የሚችለው እንዲህ ያለውን ለስላሳ ነገር ነው፤ ቅንጬውም፣ የአጃ ሾርባውም፣ ድንችና ካሮት የተቀቀለበትም። ቅሬታዬ ሳምንቱን ሙሉ አጥሚት ብቻ መሆኑ ላይ ነው። አጥሚት አብዛኛው ስታርች ነው፤ በሽታ የሸረሸረውን ጡንቻ ለመመለስ ፕሮቲን ያስፈልጋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ይዟል፤ ክክ አልጫም፣ በርበሬ ያልበዛበት ምስርም፣ በደንብ የበሰለ ሥጋም ያው ነው። ነጭ ሽንኩርቱን በጥሬው በባዶ ሆድ ማዋጥ፣ ፌጦውን በላዩ ማከል ግን ጨጓራውን መድኃኒት ለላጠው ሰው ቅጣት እንጂ ሕክምና አይደለም። አብሽም ቢሆን የደም ስኳር ይቀንሳልና የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ዝም ብሎ በብርጭቆ አይቀዳም።

የአጎት ነገርማ ሌላ ነው። «ይሄ ሁሉ ውሃ ውሃ ነገር ምን ያደርግለታል? ክትፎ ለብ ለብ አድርጋችሁ ስጡት፣ ሰው ያደርገዋል!» ይላል። አንጀቱ ቆስሎ የሰነበተን ሰው በለብ ለብ ሥጋና በቅቤ ሰው ማድረግ! ምክሩን ሳይቀበሉት ቢቀሩ «ድሮስ የዛሬ ልጅ» ብሎ ይነሳል፤ ምናልባት ክትፎው መጀመሪያም የታሰበው ለጠያቂው ነበር።

ጾም ሲደርስ ደግሞ ሁሉም መምህረ ንስሐ ነው። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ከአልጋ የተነሳ በሽተኛ እንቁላል ሲቀምስ ካዩት ምግቡ ከጉሮሮው ሳይወርድ ፊታቸውን ያዞሩበታል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያኗ በንስሐ አባቱ በኩል መላ አላት፤ በረመዳንም የታመመ ሰው ቀኑን ሌላ ጊዜ ይተካል። ፈጣሪ የተወለትን ጎረቤት አይተውለትም።

ከአሜሪካ በቪዲዮ የሚደውለውስ? «ቫይታሚን ሲ እየወሰድክ ነው? ኤሌክትሮላይት ጠጣ፣ ፕሮቲን ሼክ አድርግ» እያለ ካሜራውን ወደ ማቀዝቀዣው ያዞራል። እዚህ ያለው እኔ የማስበው ስለ እንቁላል ዋጋ ነው። አንድ ነገር ግን ልመስክርለት፤ የሚመክረው ሩቅ ሆኖ ስለሆነ ሳህኑን አስይዞ እስክትጨርስ አፍጥጦ አያይህም።

እሱ ነው እኮ ዋናው! ማፍጠጡ። የሚያገግም ሰው የምግብ ፍላጎቱ ገና አልተመለሰም፤ መድኃኒቱ አፉን አምርሮታል፣ ሜትሮኒዳዞል የወሰደማ ብረት ብረት ይለዋል። የሚችለው በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ መብላት ነው። እኛ ጋ ግን ትንሽ ማቅረብ ነውር ነው፤ ሳህኑ ሞልቶ ይመጣል፣ «በሞቴ» ይታከልበታል፣ ጉርሻ ይከተላል። አንድ ጎርሶ ሲያቆም «ጣዕም የለውም እንዴ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በሽተኛው ቁጭ ብሎ ወጥ የሠራችውን ያጽናናል።

ሥራ ሲመለስም አያርፍም። የመሥሪያ ቤቱ ክበብ ውስጥ ያለው ቀይ ወጥና የበርበሬ ሽሮ ነው፤ «አልጫ የለም?» ሲል «ዛሬ አልተሠራም» ይሉታል፣ ነገም አይሠራም። ማዶ ያለው ካፌ ሜኑ ላይ የአጃ ሾርባ ተጽፏል፣ አስተናጋጇ ግን «አልቋል» ትላለች፤ መቼ እንደነበረ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ጠያቂ ወገኔ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ስትመጣ ትእዛዝህን በር ላይ አስቀምጥ። ሳህኑን አሳንሰው፣ በላም አልበላም ፊቱን አትመልከት፣ ስለ ዶሮው ዘር ከአክስቱ ጋር አትከራከር። ከመምጣትህ በፊት ደውለህ «ምን ላምጣ?» በል። «ኧረ ምንም፣ አንተ ብቻ ና» ይልሃል፤ አትመነው። እንቁላል ይዘህ ና፣ ኦ አር ኤስም ጨምርበት። ርካሽ ነው ብለህ ካፈርክ ሁለት ካርቶን አድርገው።