ነፍስን በቁና

ፈላስፎች ከአፍላጦን ዘመን ጀምሮ ስለ ነባቢት ነፍስ ሲከራከሩ ኖረው ከስምምነት ባይደርሱ፣ ኢጣልያዊው ሊቅ ጁሊዮ ቶኖኒ በ2004 እ.ኤ.አ. ክርክሩን የሚያሳጥር መስፈሪያ ይዘው ቀረቡ፤ ስሙንም በጽርዕ ፊደል «ፋይ» አሉት። እንደ ትምህርታቸው፣ ንቃተ ኅሊና ማለት የአንድ ነገር ክፍሎች ተዋሕደው የሚይዙት ዕውቀት ተለያይተው ከሚይዙት ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያስረዳ ቁጥር ነው።

መስፈሪያው ግን እጅግ ከመራቀቁ የተነሣ ሊሰፈርበት የሚችል ፍጥረት በቀላሉ አልተገኘም፤ ነርቮቿ 302 ብቻ የሆኑትን ኢምንት ትል እንኳ አሟልቶ ለመስፈር ስሌቱ ከኮምፒዩተር ሁሉ አቅም በላይ ስለ ሆነ፣ 86 ቢልዮን ያህል ነርቭ የተሸከመው የሰው ልጅ ተራው እስኪደርሰው በትዕግሥት ይጠብቃል።

በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሊቅ ስኮት አሮንሰን፣ አንድ ተራ ስሌት ብቻ የሚሠሩ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች በተገቢው ሥርዓት ተደርድረው እጅግ ቢበዙ ፋያቸው ከሰው ይበልጣል ብለው ቶኖኒን ለማሳፈር ቢነሡ፣ መምህሩ ምንም ሳያፍሩ ነገሩን እንዳለ ተቀበሉት፤ በሃይማኖት መጽናት ይሏል ይህ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከመቶ የሚበልጡ ምሁራን በአንድ ግልጽ ደብዳቤ ትምህርቱን ሐሳዊ ሳይንስ ነው ሲሉ አወገዙት።

እኔ በበኩሌ፣ ግዘቱ ከመጽናቱ አስቀድሞ፣ አባላቱ በየቤታቸው ሳሉ ያውቁት የነበረውን ሁሉ አንድ ላይ ሲቀመጡ የሚዘነጉት የኮሚቴ ጉባኤ ሲሰፈር፣ ፋይ ከዜሮ በታች መውረድ ይችል እንደ ሆነ ሊቁን ቶኖኒን በትሕትና መጠየቅ እወዳለሁ።